ወንድሜ «ፒፒኢ» ልማር ብሏል፦ እስካሁን የተባለው ሁሉ ከላይ እስከ ታች

የውይይታችን ክር ረዝሟል። ማታ ማታ የሚገቡ ሰዎችም ከላይ የተመለሰውን እንደገና እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ እንደመሆኔ የተባለውን በቁጥር ላስቀምጠው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያቃናኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። የምንኖረው ለንደን ነው። እኔ ኬር ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ፣ እናታችን ቢሮ ታጸዳለች። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወሰደው የኤ-ሌቭል ትምህርት የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነው፤ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና እንግሊዝኛ ይዟል። እናቴ ሕግ ወይም አካውንቲንግ እንዲማርላት ትመኛለች። እሱ ደግሞ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ፒፒኢ ነው የምማረው አለን። እኔ እነዚህን ፊደላት የማውቃቸው በኮሮና ጊዜ በራችን ላይ ተሰቅሎ ከነበረው ጓንት፣ ሽርጥና ማስክ ጋር ነው። ፖለቲካ፣ ፍልስፍናና ኢኮኖሚክስ ማለት ነው ብሎ ሲያስረዳኝ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ እንጀራ ይሆናል ወይ? ሒሳቡን ትቼ በሦስት ትምህርት ልቀጥል ይላል፣ ይተው ወይ? ይህ የሀብታም ልጆች ትምህርት አይደለም ወይ? በሦስተኛው ላይ የራሴን ሐሳብም ጨምሬ ነበር፤ ነው ብዬ አምን ነበር።

ምላሽ 1። ኦክስፎርድ ሦስት ዓመት ተምሮ የጨረሰ የሐበሻ ልጅ ነው። በትሕትና መጀመሪያ ስሙን አረመኝ፤ ቅደም ተከተሉ ፍልስፍና፣ ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚክስ ነው፣ ፍልስፍናው ይቀድማል። ትምህርቱ እዚያው ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲጀመር «ዘመናዊ ግሬትስ» ይባል ነበር። «ግሬትስ» የሚባለው ከዚያ በፊት ለመንግሥት ሥራ የሚታጩ ልጆች የሚማሩት የግሪክና የላቲን፣ የጥንት ታሪክና ፍልስፍና ትምህርት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገር የሚያስተዳድር ሰው ያለበትንም ዘመን ይወቅ ተብሎ አዲሱ መጣ። አንደኛ ዓመት ሦስቱንም ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ሦስቱን ይዞ ይዘልቃል፣ ያልፈለገ አንዱን ይተዋል።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ስለ ቲውቶሪያሉ የጻፈው ነው። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄና የሚነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ይሰጣል። ተማሪው አንብቦ፣ አቋም ይዞ፣ ጽፎ ይመጣል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሆነው መምህሩ ክፍል ይቀመጡና ለአንድ ሰዓት ያህል የጻፉትን ይከላከላሉ። ኋላ መደበቂያ ወንበር የለም። እሱ መጀመሪያ ቀን ጽሑፉን ማንበብ እንደጀመረ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፍትሕ የምትለውን ቃል ሲጠራ መምህሯ አስቆመችው። ምን ማለትህ ነው ብላ ጠየቀችው፤ መለሰ፤ በመልሱ ላይ ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ ሰዓቱ በዚያች ቃል አለቀ። ቀሪዎቹ አምስት ገጾች ሳይነበቡ ቀሩ። ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀሱን ሳይደብቅ ጽፏል። በሳምንቱ ግን የሚጠቀምበትን ቃል ሁሉ አስቀድሞ መርምሮ ገባ።

ምላሽ 2 እና 3። እንኳን ደስ አላችሁ የሚሉ ናቸው። ሦስተኛዋ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማር ጠይቃ ነበር፤ ይቅርታ፣ እሱን እዚህ አልጽፍም።

ምላሽ 4። የኢኮኖሚክስ መምህርት ነች። በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገባች። ኦክስፎርድ ሒሳብ የግድ ነው አይልም፣ ነገር ግን አጥብቆ ይመክራል። ኤልኤስኢ የሚባለው የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የሚፈጅ የራሱ ፒፒኢ አለው፤ እዚያ ግን ያለ ኤ-ሌቭል ሒሳብ አይገባም። ምክንያቱን ስታስረዳ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ሸማቹ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያብቃቃና ፋብሪካው ስንት ቢያመርት እንደሚያተርፍ የሚሰላው በካልኩለስ ነው አለች። ታሪክና እንግሊዝኛ ጎበዝ ሆነው ሒሳቡን የተዉ ልጆች እሷ ጋ መጥተው የመጀመሪያውን ዓመት ሲንገዳገዱ፣ በሁለተኛው ኢኮኖሚክሱን ሲጥሉት አይታለች። ያን ዕለት ማታ ይህችን ምላሽ ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም አለ፤ በማግስቱ ሒሳቡን አልተውም አለኝ። ለዚህ ብቻ እንኳ መልካሟን ሴት አመሰግናለሁ።

ምላሽ 5። እዚህ ጋ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፣ ሦስት ልጆች አስተምሬአለሁ ይላል። እናት በጉልበቷ ተንበርክካ ወለል የምታጸዳው ልጅ ክርክር እንዲማር ነው ወይ ብሎ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2025/26 የዓመቱ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነበር፣ በዚያ ሒሳብ የሦስት ዓመቱ 28,605፤ በዚህ ዕዳ ነርስ ወይም ኢንጂነር ይወጣል አለ። ፒፒኢ ጠቀመ የሚባለው አባቱ ዘመድ ላለው ነው፤ ካሜሮን፣ ትረስና ሱናክ ሁሉም ኦክስፎርድ ያንኑ ተምረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ አገሩ ምን ሆነ ሲል ጠየቀ። መስከረም 23 ቀን 2022 በፈረንጅ የትረስ መንግሥት ያወጣውን ሚኒ በጀት አንሥቶ፣ የቤት ብድሩ ወለድ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደዘለለና ሁለተኛ ሥራ እንደጨመረ ጻፈ። ቃሉ ቢያመኝም ሰውዬው የሚናገረው ከደረሰበት ነው። እኔም በልቤ ይዤው የነበረውን ነው ያወጣው።

ምላሽ 6። ለ5ኛው የተሰጠ እርማት ነው፣ አጭርና ጠንካራ። ትረስ ፒፒኢ መማሯ እውነት ነው። ያንን በጀት ያቀረበው የገንዘብ ሚኒስትሩ ክዋሲ ክዋርቴንግ ግን ካምብሪጅ የጥንት ቋንቋዎችና ታሪክ የተማረ፣ ዶክትሬቱንም በኢኮኖሚ ታሪክ የሠራ ነው። ይልቅ ያንን በጀት የሻረው ጄረሚ ሀንት፣ ከሀንት በኋላ በዚያው ወንበር የተቀመጠችው ሬቸል ሪቭስም ፒፒኢ የተማሩ ናቸው። በመካከሉ የነበሩት ቴሬዛ ሜይ ጂኦግራፊ፣ ቦሪስ ጆንሰን የግሪክና የላቲን ትምህርት ነው። ስለዚህ ጥፋቱንም ልማቱንም ለአንድ ዲግሪ ማሸከም አይቻልም አለ። ምላሽ 5 ተመልሶ የክዋርቴንግን ተቀበለ። ነገር ግን የጠራኋቸው ሦስቱም ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከአንድ ከተማ መውጣታቸው ራሱ ይበቃኛል፣ እኔ የምለው ስለ በሩ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ይህን የመለሰለት ሰው እስካሁን የለም።

ምላሽ 7። ስለ ሎን፣ ማለትም ስለ ተማሪ ብድር። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ለሚጀምሩ የእንግሊዝ ተማሪዎች ተመላሹ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካለው ገቢ 9 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች የሚያገኝ አይከፍልም፣ ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። 30,000 የሚያገኝ ሰው በዓመት 450፣ በወር 37 ፓውንድ ከ50 ይቆረጥበታል ማለት ነው። ለምላሽ 5 ስሌቱን በዚህ መልክ ማየት ይሻላል አለው፤ ቢሆንም 40 ዓመት ዕድሜ ልክ መሆኑን አልሸሸገም።

ምላሽ 8። አንዲት ሙስሊም እህት ወለድ ያለበትን ሎን አልነካም ብላ እንዴት እንዳደረገች ጻፈች። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ፒፒኢ ያስተምራል፤ እየሠራች፣ በየጊዜው አቅሟ የቻለውን ያህል እየከፈለች እየተማረች ነው። ረጅም ነው፣ ግን የእኔ ነው ትላለች። አክላም ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ አለች፤ ስደተኝነቱ የጸደቀለት እንደ አገሩ ልጅ ይከፍላል፣ በጊዜያዊ ፈቃድ ያለ ግን እንደ ሁኔታው ይለያያልና የውጭ ተማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ዕድሜና የኖረበት ዓመት ይቆጠራል። ማመልከቻ ከገባ በኋላ ይህን ያወቀ ቤተሰብ ስንት እንዳለቀሰ የምናውቅ እናውቃለን።

ምላሽ 9። በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት የገባ፣ አሁን ሊድስ የሚኖር ዲያቆን ነው። የምላሽ 1ን ቲውቶሪያል ሲያነብ ልቡ ቅኔ ቤት ገባ። ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። የተበላሸችውን የኔታ እዚያው ይነቅሷታል፤ ሰምና ወርቁ ካልገጠመ ይመልሱታል። የገዛ ሐሳብህን ይዘህ ቅረብ የሚል ትምህርት ለእኛ ልጆች እንግዳ አይደለም ብሎ ደመደመ። ብዙ ሰው ወደደለት።

ምላሽ 10። አልወደደለትም። ቅኔ ቤት የኔታ የወሰኑት የተወሰነ ነው፤ ተማሪው ቃል አይመልስም። ቲውቶሪያል ላይ ግን መምህሩ ተሳስተዋል ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም ይጠበቃል። ሁለቱን አንድ ማድረግ የራስን ለማሞገስ እውነትን ማጣመም ነው አለ፤ አነጋገሩ ሻካራ ነበር።

ምላሽ 11። ዲያቆኑ ሳይቆጣ ተመለሰ። የኔታን ቀጥታ ተሳስተዋል የሚል የለም፣ እውነት ነው፤ ግን ተማሪው የኔታን የሚረታው በቀጣዩ ማታ የተሻለ ቅኔ ይዞ በመቅረብ ነው፣ የኔታም ያን ጊዜ እሰይ ይላሉ። ቃል መመለስን ግን እንግሊዝ አገር እንደተማረ አመነ። እኔ ከሁለቱም ተጠቀምኩ። ቤታችን ውስጥ ወንድሜ ለምን ብሎ ሲጠይቅ አፍህን ያዝ እየተባለ ነው ያደገው፤ ያልኩትም እኔ ነኝ። እንዲህ ያደገ ልጅ ኦክስፎርድ ከመቀበሉ በፊት በሚያደርገው ኢንተርቪው ላይ መምህሩ ሲከራከረው ተቆጣኝ ብሎ ዝም ይላል። የምላሽ 1 ጸሐፊ ቀስ ብሎ እንደነገረኝ፣ ኢንተርቪው የሚባለው ራሱ አጭር ቲውቶሪያል ነው፤ የሚፈልጉት ትክክለኛ መልስ ሳይሆን ሲገፉት የሚያስብ ልጅ ነው።

ምላሽ 12። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በስድሳዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩ አባት ናቸው። ፖለቲካና ፍልስፍና ለልጅ ሲሰጥ እፈራለሁ አሉ። መሬት ለአራሹ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጣ ታላቅ ወንድማቸው ከሰልፈኞቹ ነበር፤ ኋላ በቀይ ሽብር ነው ያጡት። ያጠፋን ማንበባችን አልነበረም አሉ፣ አንድ ወገን ብቻ ማንበባችን ነው። የሚቃወመንን ሰው ሐሳብ እሱ ራሱ ከሚናገረው በተሻለ ጻፉት ያለን መምህር አልነበረም። ተከራካሪያችንን ጠላት አልን፣ እሱም እኛን ጠላት አለ፤ የሆነው ሆነ። ልጁ የሚሄድበት ትምህርት ይህን የሚያስገድድ ከሆነ ይሂድ ብለው መርቀውታል።

ምላሽ 13። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ጀምሮ በጣም መረረ። የሞቱት ለገበሬው ነው የሞቱት፤ መሬቱም ቢሆን የታወጀው እነሱ ስለጮኹ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የባለርስቱን ሐሳብ ማሳመር የሚቻለው ለጠገበ ነው አለ። የአጎቱን ፎቶግራፍ አሁንም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንዳለ ጻፈ።

ምላሽ 14። እኚሁ አባት ናቸው። በወንድሜ ደም የምቀልድ አይምሰልህ ልጄ፤ የታገሉለትን አልነቀፍኩም፣ እርስ በርስ የተጨራረስንበትን ነው ያልኩት ብለው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 15 እና 16። ክሩን መልሰው ያነቃቁት እነዚህ ናቸው። አንዷ ከኢየሩሳሌም፤ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይኸው የሦስቱ ጥምረት እንዳለ፣ በዕብራይስጥ አጠራሩ «ፓካም» እንደሚባል፣ እሷ ግን ፕሲኮሜትሪ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከብዷት ሁለት ጊዜ እንደተፈተነች ጻፈች። ሌላው ከሲልቨር ስፕሪንግ፤ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፒፒኢ አለ፣ ልጄ ቤት እያደረች ነው የምትማረው አለ።

ምላሽ 17። ከባሕር ዳር አንድ ተማሪ። ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህን ትምህርቶች በየክፍሉ፣ ለየብቻ ነው ያገኘናቸው አለ። ግን አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ግሎባል ትሬንድስ እንዲሁም የሥነ ምግባርና ሥነ ዜጋ ኮርስ ይወስዳል። ፍርፋሪው አለን፣ የጎደለን አንድ ላይ አድርጎ የሚያስጨንቀን ሰው ነው፤ አዳራሹ ሞልቶ ሃንድአውት ተሸምድዶ ያልፋል አለ። እሱና ሦስት ጓደኞቹ በሳምንት አንድ ጊዜ እየጻፉ እርስ በርስ መተራረም ጀምረዋል፤ ምላሽ 1ን አንብበው ነው። ከዚህ ክር የተወለደ መልካም ነገር ቢኖር አንዱ ይህ ነው።

ከምላሽ 18 እስከ 23። ነገሩ ወደ ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ የግእዙን የፍልስፍና መጽሐፍ ማን ጻፈው ወደሚለው ክርክር ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1920፣ ኦክስፎርድ ፒፒኢን በጀመረበት ዓመት፣ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታውን የጻፈው ጣሊያናዊው አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ማሳተሙን አንዱ አነሣ። ሌላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው መከራከራቸውን ጠቀሰ። ከዚያ ስድብ ቀረሽ ሆነ። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ እባካችሁ እዚያ ቀጥሉ።

ምላሽ 24። የምላሽ 1 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ልጁ ዝም ብሎ የጠቅላይ ሚኒስትሮችን ስም ከሚያጠና፣ በቤቱ ያለ አንድ ነገር ይመርምር ብሎ ዕቁብን ሰጠው። ጥያቄው እንዲህ ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 200 ፓውንድ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት 2,400 ይወስዳል። የመጀመሪያው ሰው 200 ጥሎ 2,400 ስለወሰደ 2,200 ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ ሲያበድር ኖረ። ታዲያ የመጨረሻው ለምን አይወጣም? ባንክ ቢያስቀምጠው አይሻለውም ወይ? ይህ ኢኮኖሚክሱ ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ ማን ይዳኛል፣ ዳኛውንስ ማን ሾመው፣ የማይወዱትን ዳኛ እንዴት ያወርዱታል? ይህ ፖለቲካው ነው። ያልተፈረመ ቃል የሚያስረው ለምንድን ነው፣ ዕጣ ስለሆነስ ፍትሐዊ ነው ወይስ በጣም የቸገረው ይቅደም? ይህ ፍልስፍናው ነው። ሁለት ገጽ ጽፎ ሐሙስ ማታ በስልክ ያንብብልኝ፣ እኔም እሞግተዋለሁ አለ። ገንዘብ አልጠየቀም።

ቤታችን ውስጥ የሆነውን ልጨምር። እናቴ ለአሥራ አንድ ዓመት የዕቁብ ዳኛ ነች። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ማእድ ቤት ገብቶ ሲጠይቃት መጀመሪያ የምትስቅ መስላ ነበር፤ ከዚያ ሽንኩርቱን ትታ እጇን አደራርቃ ተቀመጠች። የመጨረሻዋ ሰው አትወጣም አለችው፣ ምክንያቱም ባንክ ብታስቀምጠው ታወጣዋለች፤ እዚህ ግን ስለምታፍር ትጥላለች፣ ማፈሯ ነው የሚያስቆጥባት። እሱ ይህን ጻፈው። ዕጣው ላይ ግን ተጣሉ። ዕጣ እኩል ስለሚያደርግ ፍትሐዊ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ዓመት ልጇን ከሱዳን ልታስመጣ የነበረች ሴት ስትለምን፣ ዕጣ የወጣላት ሌላዋ ተራዋን እንደለቀቀችላት ነገረችው። ያን ቀን ዕጣውን ብናከብር ኖሮ ልጁ የት ይሆን ነበር ብላ ጠየቀችው። መልስ ሲያጣ አየሁት፤ ቆይቶ፣ ታዲያ ለቀቀች እንጂ ዳኛዋ አላስገደደችም፣ ብታስገድዷት ኖሮ ዕቁቡ ይፈርስ ነበር አላት። እናቴ እሱን አየችው። አፍህን ያዝ አላለችውም። እንደገና አስበው ጻፈው አለችው።

ለምላሽ 5 ጸሐፊ አንድ ነገር ልመልስ። በሩ ጠባብ መሆኑን አልክድም። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች «ዩኒክ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኦክስፎርድ ውስጥ አለ፤ ውጤታቸው በችግር ምክንያት ዝቅ ላለባቸው ደግሞ ፒፒኢን የሚጨምር የመሰናዶ ዓመት አለ። ወንድሜ ለዩኒክ ያመለክታል። ዋናው ማመልከቻ በሚቀጥለው ጥቅምት 15 በፈረንጅ ይዘጋል፤ ከአምስቱ ምርጫ አንዱ ኦክስፎርድ ይሆናል፣ አንዱ ኤልኤስኢ፣ አንዱን ደግሞ ለእናቴ ሲል አካውንቲንግ አድርጎታል።

ምላሽ 25፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ ሐሙስ ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ እኔ ሥራ የምገባው በሦስት ነው። እናቴም ከስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ ብላለች፤ ዕቁብተኛ ሲሞት ዋሱ ምን እንደሚከፍል ወንድሜ የጻፈው ስሕተት ነው ባይ ናት።